ስለ መለኪያና ስለ ባልንጀራ

ሰው ባልንጀራውን በምን ሊመዝነው ይገባል? ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። አጫጆች በአንድ ማሳ ላይ በተሰለፉ ጊዜ፣ ደቀ መዛሙርትም በአንድ ጉባኤ በተቀመጡ ጊዜ፣ ማን በረታ ማንስ ደከመ የሚለው ሐሳብ በልብ ይመላለስ ነበር። ነገር ግን በቀድሞው ዘመን የባልንጀራን ሥራ የሚመለከተው ዐይን ብቻ ስለ ነበረ፣ ዐይንም የሚደክምና የሚራራ ስለ ሆነ፣ በፍርዱ ውስጥ ዘወትር ጥቂት የይቅርታ ስፍራ ይገኝ ነበር። በዘመናችን ግን የማይደክምና የማይራራ ቈጣሪ ተሠርቷል፤ ስለዚህ ጥንታዊው ጥያቄ አዲስ ልብስ ለብሶ በፊታችን ቆሟል። ዛሬ ልንመረምረው የወደድነውም ይህንኑ ነው። የምንመረምርበት ስፍራ ግን ከአንባብያን ብዙዎቹ ገብተው የማያውቁት፣ ልጆቻቸው ግን ሌሊቱን የሚያነጉበት የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው።

«ጨዋታ ከሆነ ምን ቁም ነገር ይገኝበታል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛም እንዲህ ብለን እንመልሳለን፤ ሰው በሚጫወትበት ጊዜም ሰው ነው። የሚቈጣው፣ የሚያፍረውና የሚኰራው በእውነተኛ ልቡ ነው እንጂ ለጨዋታ በተበደረው ልብ አይደለም። ጠላቱ ሥዕል ቢሆንም አጠገቡ የተሰለፈው ባልንጀራ ሥጋና ነፍስ ያለው ሰው ነው። እንግዲህ አንድ ወጣት ወደ ንስሐ አባቱ መጥቶ በዚያ ስፍራ ሰውን እንዳዋረደ ወይም እርሱ ራሱ እንደ ተዋረደ ቢነግረው፣ ካህኑ «ይህ የልጅ ነገር ነው» ብሎ ሊያሰናብተው አይገባም።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» የተባለው ጨዋታ ብሊዛርድ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ተሠርቶ በኅዳር ወር 1997 ዓ.ም.፣ ይኸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004፣ ለሕዝብ ቀረበ። ተጫዋቾቹ በየአገራቸውና በየቤታቸው ተቀምጠው በኢንተርኔት እየተገናኙ በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ ይሠማራሉ። ከሥራቸው ሁሉ ከባዱ በጭፍራ ሆኖ ኃይለኛ ጠላትን መግጠም ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እስከ 40 ሰዎች በአንድነት ይሰለፉ ነበር፤ በኋላም በ2014 ለከባዱ ደረጃ 20 ሰዎች ተወሰኑ። የተሰለፉትም በሦስት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን እንደ ጋሻ ሆኖ የጠላትን ምት ይቀበላል፣ ሁለተኛው የቈሰሉትን ይፈውሳል፣ በቁጥር የሚበዛው ሦስተኛው ወገን ግን ጠላትን ይመታል። ጠላቱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተሸነፈ ብዙውን ጊዜ ቁጣው ይበረታና ጭፍራውን በሙሉ ይፈጃል፤ ስለዚህ የመቺዎቹ ብርታት ለሁሉም የሚተርፍ፣ ድካማቸውም ለሁሉም የሚደርስ ነው።

ጨዋታው የተሰነዘረውን ምትና የተሰጠውን ፈውስ አንድ በአንድ በመዝገብ ይጽፋል። ኩባንያውም ተጫዋቾች ራሳቸው «ሉዋ» በተባለ የኮምፒዩተር ቋንቋ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን እንዲሠሩ ፈቀደ፤ እነዚህንም «አድኦን» ይሏቸዋል። ከነዚህ መካከል «ሪካውንት»፣ «ስካዳ» እና «ዲቴይልስ» የተባሉት መዝገቡን እያነበቡ፣ እያንዳንዱ ሰው በጠላት ላይ ያደረሰውን ጉዳት ደምረው፣ በሴኮንድ አካፍለው፣ ተጫዋቾቹን ከፊተኛው እስከ ኋለኛው በተራ ያሰልፏቸዋል። ይህ ነው «ዳሜጅ ሜትር» ወይም የጉዳት መለኪያ የሚባለው። ደግሞም «ዋርክራፍት ሎግስ» የተባለ የመዝገብ ስፍራ አለ፤ በዚያም የአንዱ ሰው ሥራ በዓለም ሁሉ ካሉ መሰሎቹ ሥራ ጋር ተነጻጽሮ እስከ 100 የሚደርስ ማዕረግና ቀለም ይሰጠዋል። የዝቅተኛው ቀለም ግራጫ ሲሆን፣ ለመጨረሻው ከፍታ ወርቃማ ቀለም ተመድቧል። በዚህ መለኪያ ምክንያት በተጫዋቾች መካከል ለብዙ ዓመታት ክርክር ሲካሄድ ኖሯል።

መለኪያውን የሚደግፉት ሰዎች ነገራቸው ሊናቅ የማይገባው ነው። ሃያ ሰዎች ከዕለት ሥራቸው በኋላ የዕረፍት ጊዜያቸውን ሰውተው በአንድነት ቢሰለፉ፣ ከመካከላቸውም አንዱ እጁን አጣጥፎ በሌሎቹ ላብ ቢጠቀም፣ በደል ነው። መለኪያ በሌለ ጊዜ ደግሞ ፍርድ አይቀርም፤ የሚቀረው ማስረጃው ብቻ ነው። ጭፍራው በወደቀ ጊዜ ጥፋቱ በእንግዳው፣ በዝምተኛው ወይም አለቃው በማይወደው ሰው ላይ ይጫናል፤ የአለቃው ወዳጅ ግን ቢያንቀላፋም ይሸፈንለታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቁጥር የድኻ ጠበቃ ይሆናል። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገረው ሰው «እነሆ ሥራዬ» ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ደግሞም መማር የሚወድ ሰው ጉድለቱን ካላወቀ እንዴት ይማራል? ሐሰተኛ ሚዛን ክፉ ነው፤ ነገር ግን ሚዛን የሌለበት ገበያም ለሌባ እንጂ ለቅን ሰው አይመችም።

የሚቃወሙትም የሚሉት አላቸው። አስቀድሞ መለኪያው ሁሉን አያይም። ባልንጀራውን ለማዳን ምቱን አቋርጦ የሮጠ ሰው በዚያች ቅጽበት ቁጥሩ ይወርዳል። የጠላትን ድግምት በጊዜው ያቋረጠ፣ ለጀማሪው መንገድ ያሳየ፣ ከሽንፈት በኋላ የተቈጡትን ያረጋጋ ሰው ከመቺዎች ሰንጠረዥ ላይ ዋጋውን አያገኝም። እርግጥ አንዳንዱ መለኪያ ድግምት ማቋረጥንና ይህን የመሳሰለውን ለብቻው ይቈጥራል፤ ሆኖም የሰው ዐይን አስቀድሞ የሚያርፈው የጉዳቱ ሰንጠረዥ ፊተኛ መሥመር ላይ ነው። በቀደሙት ዓመታት ደግሞ የሚያስደንቅ ነገር ይታይ ነበር። ጠላቱ አብዝቶ ወዳስቈጣው ሰው ስለሚዞር፣ ጋሻ የሆነውን ሰው ሳይጠብቅ ያለ ልክ የመታ ተጫዋች ጠላቱን ወደ ራሱ ይስብና በጭፍራው ላይ ጥፋት ያመጣ ነበር። እንዲህ በሆነ ጊዜ በሰንጠረዡ ራስ ላይ የተጻፈው ስም የመውደቃቸው ምክንያት የሆነው ሰው ስም ሊሆን ይችል ነበር።

ከዚህም የሚከፋ አለ፤ መለኪያ ሥራን ብቻ አይለካም፣ የሚለካውን ሥራ ይለውጠዋል። ቁጥሩ እንዲያድግለት የሚመኝ ሰው ሊመቱ የማያስፈልጋቸውን ትንንሽ ጠላቶች መምታት ይጀምራል፤ ቁጥሩ ይበዛል፣ ረድኤቱ ግን ከንቱ ነው። ፈዋሹም ሌላው ሊፈውሰው የጀመረውን ቁስለኛ ቀድሞ ለመፈወስ ይሽቀዳደማል፤ የባልንጀራው ድካም ባክኖ ይቀራል፣ ቁስለኛው ግን ያው አንድ ሰው ነው። እንግዲህ ለድል የተሰለፈው ጭፍራ ሳያውቀው ለሰንጠረዥ የተሰለፈ ይሆናል። ሥራውን ሊያገለግል የተሠራው መሣሪያ ሥራውን አገልጋዩ ያደርገዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ክርክር ስለ ኀፍረት ነው። አዲስ የመጣ ሰው መሣሪያው ያነሰ፣ ልምዱም ጥቂት ስለ ሆነ ከታች ቢገኝ አያስደንቅም። መበለቲቱ በመባ ሣጥን ውስጥ የጣለቻቸው ሁለት ሳንቲሞች በቈጣሪ ዐይን ከሁሉ ያነሱ ነበሩ፤ የተመሰገነችው ግን ከምን ላይ አንሥታ እንደ ሰጠች በታወቀ ጊዜ ነው። ሰንጠረዡ ስንት እንደ ተሰጠ ያሳያል፤ ከምን ላይ እንደ ተሰጠ ግን አያሳይም። በብዙ ሰዎች ፊት ሰንጠረዡን ለጥፎ የመጨረሻውን ሰው ማላገጫ ማድረግ፣ ቀጥሎም ያለ አንዲት የምክር ቃል ከጭፍራው ማስወጣት፣ የተለመደ ነገር እስኪሆን ደርሷል። «ግራጫ» የሚለው ቃልም የአንድ ምሽት ሥራ ቀለም መሆኑ ቀርቶ የሰው መጠሪያ ይሆናል። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው፤ ቁጥር ስለ ሥራ ይናገራል እንጂ ስለ ሠሪው ማንነት የመናገር ሥልጣን የለውም።

ይህን ሁሉ ያዩ ሌሎች ሰዎች መከልከልን መርጠዋል። «ፋይናል ፋንታሲ 14» የተባለው የጃፓኑ የስኩዌር ኢኒክስ ጨዋታ፣ በ2013 ታድሶ ከቀረበ ወዲህ ብዙ ሕዝብ ያፈራ ሲሆን፣ በውጭ ሰዎች የተሠራ ማናቸውንም ተጨማሪ መሣሪያ በደንቡ ይከለክላል። ይሁን እንጂ ክልከላው መለኪያውን አላጠፋውም፤ ወደ ጓዳ አስገባው እንጂ። በስውር የሚለኩ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ያወቁትን በግልጥ ቢናገሩ የራሳቸውን ጥፋት ስለሚያጋልጡ ዝም ይላሉ። ከዚህ ሁለት ፍሬ ተገኘ። መልካሙ ፍሬ ደካማው በአደባባይ አለመዋረዱ ነው። መራራው ፍሬ ግን እርሱ ሳያውቅ መለካቱና፣ በፍቅር ሊያርመው የሚወድ ሰው እንኳ አፉ መዘጋቱ ነው። ከምክር የተለየ ዝምታ ሁል ጊዜ ርኅራኄ አይደለም።

ሆኖም በዚያው ጨዋታ ውስጥ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ሥርዓት አለ። ተጫዋቹ ብቻውን ሆኖ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ግዑዝ ዒላማ የሚመታበት ስፍራ ተዘጋጅቷል። በዚያም ብርታቱ ሊገጥመው ላሰበው ጠላት የሚበቃ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ያውቃል። ማንም አያየውም፣ ማንም አያላግጥበትም፤ እውነቱን ግን አልተከለከለም። ራሱን መርምሮ ወደ ባልንጀሮቹ ይመለሳል። በሌላው ወገን ብሊዛርድ በ2025 «ሚድናይት» ለተባለው አዲስ ክፍል የውጭ ፕሮግራሞች በውጊያ ጊዜ የሚያነቡትን ነገር እንደሚያጠብብና የራሱን የጉዳት መለኪያ በጨዋታው ውስጥ እንደሚያኖር አስታወቀ። እንግዲህ አንዱ መለኪያውን ከለከለ፣ ሌላው የቤቱ ዕቃ አደረገው። ነገር ግን የሚከለክለውም የሚፈቅደውም ደንብ የልብን ጉዳይ ሊጨርሰው አይችልም፤ መለኪያውን የሚያነበው ሰው ነውና።

የእኛ አሳብ እንዲህ ነው። መለካት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ እውነትን መሸሽም ፍቅር ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። ነገር ግን ስለ ባልንጀራው ድካም ቁጥር በእጁ የገባለት ሰው ከመናገሩ በፊት ሦስት ነገር ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ ቁጥሩን አስቀድሜ በራሴ ላይ አንብቤዋለሁን? ጉድለቱን ሳያርም የሌላውን ጉድለት የሚያነብ ሰው የመለኪያው ተማሪ ሳይሆን የመለኪያው ወታደር ነው። ሁለተኛ፣ የምናገረው ለማን ነው? ለሰውየው ለብቻው የተነገረ ቁጥር ምክር ሊሆን ይችላል፤ ያው ቁጥር በጉባኤ ፊት ሲጣል ድንጋይ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ከቁጥሩ ጋር ምን ይዤ እመጣለሁ? «አንተ የመጨረሻ ነህ» ማለትና «ይህን ብታደርግ ትበረታለህ፤ እኔም ላሳይህ» ማለት ከአንድ ሰንጠረዥ ሊነሡ ይችላሉ፤ መንገዳቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

«እንግዲህ ከምክር በኋላም የማይተጋውን ሰው እስከ መቼ እንሸከመው?» የሚል ቢኖር፣ ጥያቄው ትክክል ነው። ጭፍራ ማኅበር እንደ መሆኑ ሥርዓት አለው፤ መትጋት የማይወደውን ሰው ማሰናበት በደል አይደለም። ነገር ግን ማሰናበት ሌላ ነው፣ ማዋረድም ሌላ። የመጀመሪያው አንዳንድ ጊዜ ግድ ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን ግድ የሚሆንበት ጊዜ የለም።

ይህ ትምህርት ለተጫዋቾች ብቻ የተነገረ አይምሰለን። በልጆቻችን የትምህርት ቤት ካርድ ላይ ከማርኩ ጋር የክፍል ደረጃው በተጻፈ ጊዜ፣ አባት አስቀድሞ የሚያነበው ልጁ የተማረውን ነው ወይስ የበለጣቸውን ሰዎች ቁጥር? በመሥሪያ ቤትም የተጠናቀቀው ፋይል ይቈጠራል፤ ባለ ጉዳዩን በትዕግሥት ያዳመጠው ሠራተኛ ግን በየትኛው ዐምድ ላይ ይጻፋል? እኛ ራሳችን በየማኅበራችን የመጣውን ሰውና የተሰበሰበውን ገንዘብ በቈጠርን ጊዜ፣ ተስፋ ቈርጦ የነበረውን አንድ ሰው በጓዳ ያጽናናውን አገልጋይ እንረሳው ይሆናል።

እንግዲህ ወላጆችም ካህናትም ልጆቻቸውን «ስንት አመጣህ?» ብለው በጠየቁ ጊዜ «ከኋላህ የቀረውን ሰው ምን አልኸው?» ብለው ደግሞ ይጠይቁ። የፊተኛው ጥያቄ መልስ በሰንጠረዡ ላይ ይገኛል፤ የኋለኛውን መልስ ግን የሚያውቁት የተናገረውና የሰማው ብቻ ናቸው።