የከፈለ እንግዳ

ዋጋውን አስቀድሞ የከፈለ እንግዳ ዕዳ ይቀርበታል ወይ? በአገራችን ወግ «የእግዜር እንግዳ» የሚባለው መሽቶበት ደጅ የሚቆም መንገደኛ ነው። እግሩን አጥበው፣ ያላቸውን አቅርበው፣ መደባቸውን ለቀው የሚያሳድሩት ያለ ዋጋ ነው፤ ያለ ግዴታ ግን አይደለም። እንግዳው የመጣበትን አገር ወሬ ያወጋል፣ የልጆቹን ስም ይጠይቃል፣ በልቶ ሲነሣ «ከቤት አይጥፋ» ብሎ ይመርቃል፤ ተራው በደረሰ ጊዜም በሩን ይከፍታል። ዛሬ በስደት ከምንኖረው መካከል ጥቂት የማንባለው በዓመት አንድ ሳምንት ፈቃድ ወስደን ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የምንሄድ ሰዎች ሆነናል። እዚያ የሚጠብቀን እንግድነት ሌላ ዓይነት ነው፤ በእጅ አንጓ ላይ በሚታሠር ባለቀለም ጥብጣብ የሚታወቅ እንግድነት።

ጃማይካን ምሳሌ አድርጌ እወስዳለሁ፤ ኢትዮጵያዊ እንግዳ እዚያ ሲደርስ ነገሩ ይበልጥ ስለሚወሳሰብበት ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በሞንቴጎ ቤይና በኔግሪል ጠረፍ በተደረደሩት ታላላቅ ሆቴሎች ምግቡም፣ መጠጡም፣ የባሕር ዳር ወንበሩም አስቀድሞ በተከፈለው ሒሳብ ይጠቃለላል። ሳምንቱን ሙሉ እጅ ወደ ኪስ አይገባም። ምቾቱ አይካድም። ነገር ግን ሒሳብ የማይጠየቅ ሰው ቀስ በቀስ ምስጋናም የማይጠየቅ ይመስለዋል። ሳህኑ ይመጣል፣ ሳህኑ ይነሣል፣ ያመጣው እጅ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይመሻል።

በሙያዬ ሐኪም ነኝና እረፍትን አላቃልልም። ቀን የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ ውለው ሌሊት ታክሲ የሚነዱ ወገኖቼን የደም ግፊት ስለካ ኖሬአለሁ፤ «መቼ ነው ያረፉት?» ስላቸው በጥያቄው ይስቃሉ። እነዚህን ሰዎች ሄዳችሁ ባሕር ዳር ተኙ እላቸዋለሁ፤ ከማዝዘው ክኒን ባልተናነሰ እምነት። ስለዚህም በድሃ አገር መዝናናት በራሱ ኃጢአት ነው የሚሉትን አልከተልም። በ2020 ወረርሽኙ ድንበር ባዘጋ ጊዜ ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ፤ የአልጋ አንጣፊዎቹ ክብር ግን በዚያ አልተመለሰም፣ ደመወዛቸው ቀረ እንጂ። በጥቅምት 2025 ሜሊሳ የተባለው ማዕበል የደሴቲቱን ምዕራብ ሲያወድምም፣ ሰው ከቤቱ ጣራ ቀጥሎ ያሰበው ስለ እንግዶቹ መመለስ ነበር። የአለመሄድ ጽድቅ ለቀሪው ሰው ኅሊና ይመቻል፤ ከዚያ አልፎ የሚጠቅመው ሰው አላየሁም።

«ከፍያለሁ፤ አበቃ» የሚለውንም አልቀበልም። ነገሩን በቁርስ ገበታ ላይ ብናየው ይሻላል። የጃማይካ ብሔራዊ ምግብ አኪ ከጨው ዓሣ ጋር ነው። ከሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከሚያቃጥለው የአገሩ ቃሪያ ጋር ሲቀርብ እንቁላል ፍርፍር ይመስላል፤ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ቅቤ ቅቤ የሚል። አኪ ግን ፍሬ ነው። መነሻው ምዕራብ አፍሪካ ሲሆን ወደ ደሴቲቱ የገባው በባሪያ ንግድ ዘመን ነው። ሳይበስል የተበላ እንደሆነ ይገድላል። በውስጡ ያለው ሃይፖግላይሲን የተባለ መርዝ ጉበት ስኳር እንዳያመርት ያግደዋል፤ በተለይ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ያስመልሰዋል፣ የደሙ ስኳር ያሽቆለቁላል፣ ራሱን ይስታል። በሕክምና መጻሕፍት «የጃማይካ የትውከት በሽታ» ይባላል። አሜሪካ ከ1973 እስከ 2000 ድረስ ፍሬው ወደ አገሯ እንዳይገባ ከልክላ ነበር። የደሴቲቱ ሰዎች ብልሃቱን ያውቁበታል። ፍሬው ዛፉ ላይ እንዳለ በራሱ ጊዜ አፉን እስኪከፍት ይጠብቁታል፤ ከዚያ ጥቁሩን ዘርና ቀዩን ስስ ሽፋን አውጥተው፣ ቀቅለው፣ ውሃውን ይደፉታል። እንግዳው ማንኪያውን የሚያነሣው እንግዲህ በማያውቀው ሰው ትዕግሥት ተማምኖ ነው። ታማሚ ሰመመን ሲሰጠው በሐኪሙ ላይ ከሚጥለው እምነት ብዙም አይለይም። ለዚህ እምነት በሒሳቡ ላይ የተጻፈ ዋጋ አላየሁም።

ከአኪው ጋር ያለው ዓሣ ደግሞ ከፊት ለፊት የሚያበራው ባሕር ዓሣ አይደለም። ከሰሜን አትላንቲክ ቀዝቃዛ ውሃ የመጣ ኮድ ነው። ለአውሮፓ ገበያ የማይመጥነው ዝቅተኛው ዓይነት በጨው ደርቆ፣ የስኳር እርሻ ባለቤቶች ለባሮቻቸው ቀለብ እንዲያደርጉት ወደነዚህ ደሴቶች ይላክ ነበር። አጠገቡ የሚቀርበው የተጠበሰ የዳቦ ፍሬም እንዲሁ ነው። ካፒቴን ብላይ መርከበኞቹ በ1789 ካመፁበት በኋላ ሁለተኛ ጉዞ አድርጎ፣ በ1793 ችግኙን ከፓስፊክ ውቅያኖስ ያመጣው ባሮችን በርካሽ ለመመገብ ነበር። (ቡናውም ከእኛ ጫካ የወጣው ዘር ነው፤ በ1728 ወደ ጃማይካ ገብቶ ዛሬ በብሉ ማውንቴን ስም በውድ ይሸጥልናል። ለዚህ እንኳ ብንስቅ ይፈቀድልናል።) በቀለብ የተገደዱ ሰዎች ቀለቡን አጣፍጠው የአገር ምግብ አደረጉት። ይህን ያወቀ ሰው ቁርሱ አይመርበትም፤ እንዲያውም ሲጣፍጥለት አይቻለሁ። ነገር ግን የሚበላው ከእንግዲህ የሆቴሉን ምግብ አይደለም።

እረፍት የሚለው ቃል ራሱ በሞንቴጎ ቤይ ሌላ ክብደት አለው። በ1831 የገና በዓል ሰሞን ሳሙኤል ሻርፕ የተባለ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን፣ ራሱም ባሪያ የነበረ፣ ባልንጀሮቹን አስተባበረ። ሐሳቡ ከባድ አልነበረም፤ በዓሉ ሲያልፍ ደመወዝ ካልተከፈለን ወደ ሥራ አንመለስም የሚል ነበር። ነገሩ ወደ እሳትና ወደ ጦር ተለወጠ። ከ300 በላይ ሰዎች በፍርድ ተገደሉ፤ ሻርፕም በግንቦት 1832 በዚያችው ከተማ ተሰቀለ። በዓመቱ የብሪታንያ ፓርላማ ባርነት የሚቀርበትን ሕግ ሲያወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበ፤ ለባሪያ ጌቶች። ነፃ ለወጡት ምንም አልተሰጠም። ስለዚህ ያ የባሕር ዳር ወንበር የተዘረጋው፣ ያለ ደመወዝ አልሠራም ማለት በስቅላት ባስቀጣበት አፈር ላይ ነው። አደባባዩ ዛሬ በሻርፕ ስም ይጠራል፤ ከሆቴሎቹ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። ከእንግዶቹ ስንቱ እንደሚሄድ ግን እንጃ። ወደ ዳንስ ሪቨር ፏፏቴ የሚሄደው አውቶቡስ ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

ባሕሩም ቢሆን የሁሉ አይደለም። በ1956፣ ከነፃነት 6 ዓመት ቀድሞ በቅኝ ግዛት ዘመን የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግ የጠረፉን መሬት ለዘውዱ ሰጠ፤ ለሕዝቡ በባሕር ዳር የመታጠብ አጠቃላይ መብት አልሰጠም። ጃማይካውያን በሕጉ ላይ አሁንም ይሟገታሉ። አስተናጋጁ ያደገበትን ውሃ የሥራ ልብሱን ለብሶ ካልሆነ የማይደርስበት ጊዜ አለ።

እኛ ይህን ሳንማር የምናውቅ ሕዝብ ነን። ከመካከላችን የሆቴል ጋሪ ያልገፋ፣ ወይም የምትገፋ እኅት የሌለው ስንት ነው? በቤሩትና በሪያድ በሰው ቤት የሚያገለግሉት ልጆች የማን ልጆች ናቸው? በዚህ ልክ የትሪውን ሁለት ወገን ያየ ሰው ለአስተናጋጅ ርኅራኄ ይኖረዋል ብሎ መገመት ይቻላል፤ ሁልጊዜ ግን አይሆንም። ጣቱን እያጮኸ የሚጣራ ወገን አይቻለሁ፤ ፈረንጆቹ እንኳ በዚያ ድምፅ ሲጣሩ አልሰማሁም። ያ ዘመን ማለፉን ለራሱ የሚያረጋግጥበት መንገድ ይሆን? መማሩ ወይም መክበሩ ይህን አይፈውስም፤ የራሴ የሙያ ጓደኞች ከሁሉ የባሱ ናቸው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ባለበት፣ «ከየት ነህ?» ተብሎ «ከኢትዮጵያ» ሲመለስ የሰዎቹ ፊት ይለወጣል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ የጠበቃቸው ሕዝብ ብዛት ንጉሡን ከአውሮፕላናቸው ለመውረድ አዘግይቷቸው ነበር። ራስታፈሪያን ቀኑን እስካሁን ያከብሩታል። የዚያ ክብር ትራፊ፣ ምንም ላላደረገው ለእያንዳንዳችን ይደርሰናል። ጥብጣቡ የሻረውን እንግድነት የአገራችን ስም ይመልሰዋል፤ ከግዴታው ጋር።

ግዴታው የደረሰኝ አንድ ምሽት፣ በሆቴሉ በር ላይ ጸጉሩን ካጎነቆለ አንድ ዘበኛ ነበር። ስለ ሻሸመኔ ጠየቀኝ። ንጉሡ ለጥቁር ሕዝቦች የሰጡት መሬት አለ ወይ? የማውቀውን ነገርሁት፦ በ1975 የገጠር መሬት ሲወረስ ከዚያም መሬት አብዛኛው እንደተወሰደ፣ የሄዱት ሰዎችና እዚያው የተወለዱት ልጆቻቸው ለአሥርታት ያለ ወረቀት እንደኖሩ፣ መታወቂያ እንዲሰጣቸው የተወሰነው በ2017 መሆኑን። ሰፈሩ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጠየቀኝ። «ጃማይካ ሰፈር» አልሁት። «እዚያ የተወለዱትስ ልጆች?» አለ። እነርሱም ጃማይካውያን እንደሚባሉ ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀ፤ ምንም አልተናገረም። ቀጥሎ፣ ጋሼ፣ መሽቷልና ይግቡ፣ ይረፉ እንደ ማለት አድርጎ በእጁ ወደ ውስጥ አመለከተኝ። የእርሱ ተራ ገና እስኪነጋ ነበር።