በር የሌለው ዕቅድ

የጦር ዕቅድ የሚነድፍ ሰው ከቤት ሠሪ የሚጋራው ኃላፊነት አለ። ሁለቱም ክፍሎቹን ብቻ ሳይሆን ክፍሎቹ የሚጋጠሙበትን ቦታ ማሰብ አለባቸው፤ የአንዱ ምሰሶ መነቃነቅ የትኛውን ጣሪያ እንደሚያናጋ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። ይህ አስተሳሰብ ዛሬ የሥርዓት አርክቴክቸር ይባላል። ወደ ጦር ሜዳ ሲገባ ግን የሞራል ጥያቄ ያስከትላል፦ ዕቅዱ ለባለሥልጣኑ ምርጫ ካላስቀረለት፣ ውሳኔው የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1914 የጀርመን ጦር የነበረው ዕቅድ ጥያቄውን አጉልቶ ያሳያል። የክተት ጥሪው፣ የባቡሮቹ የጊዜ ሰሌዳና በቤልጂየም በኩል ፈረንሳይን የማጥቃቱ ዘመቻ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ነበሩ። ክተት በታወጀ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሊዬዥ ምሽጎች መጠቃት ስለነበረባቸው፣ ሠራዊት አሰልፎ እየተደራደሩ መቆየት አይታሰብም ነበር። ዋናውን ኃይል በሩሲያ ላይ ለማዝመት ይዘጋጅ የነበረው አማራጭ ዕቅድም በ1913 ተትቷል።

ኦገስት 1 ቀን 1914 ከለንደን የመጣ መልእክት ፈረንሳይ ከጦርነቱ ውጭ ልትሆን እንደምትችል ተስፋ ሰጠ። ንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም 2ኛ ሠራዊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲዞር ጠየቁ። የጦሩ ኤታማዦር ሹም ሞልትከ ግን የሚሊዮን ሰው ጉዞ በድንገት አይለወጥም ሲሉ ተቃወሙ። በባቡር ክፍሉ ያገለገሉት ጄኔራል ፎን ሽታብስ ከጊዜ በኋላ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ይቻል ነበር ሲሉ ተከራክረዋል።

እርግጥ ነው፣ የለንደኑ መልእክት በተሳሳተ ግንዛቤ ላይ የቆመ መሆኑ በዚያው ሌሊት ታወቀ። ሠራዊቱ ቢዞር ኖሮ ጦርነቱ ይቀር ነበር ማለት አይቻልም። ለሞልትከም የሚቆም ክርክር አለ፤ ብዙ በር ያለው ዕቅድ ይዘገያል፣ መዘግየትም በወታደር ሕይወት ይከፈላል።

ይሁን እንጂ «አይቻልም» የሚለው ቃል የተፈጥሮ ሕግ አልነበረም። ከዓመት በፊት አማራጩን የተዉ ሰዎች ውሳኔ ውጤት ነበር። ያን በር የዘጉት ሰዎች፣ ከሸንጎ ሳይቀርቡና ሳይጠየቁ፣ የጦርነቱን ውሳኔ በከፊል ወስነዋል። እንግዲህ ዕቅድ አውጪ ስለ ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን፣ ዘመቻው የት ላይ ሊቆም እንደሚችልና ማን ሊያስቆመው እንደሚችል ሊጠየቅ ይገባል። መሪውም ይህን መጠየቅ ያለበት ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ነው።