ውስጡን ለቄስ

በአሽቀሎን ሰፈሮች ስታልፉ ከየሰገነቱ ላይ «ለሽያጭ» የሚል የጨርቅ ማስታወቂያ ተንጠልጥሎ ማየታችሁ አይቀርም። ከማስታወቂያው ጀርባ፣ ቤት ውስጥ ስለሚደረገው ዝግጅት ግን ብዙ ጊዜ አንነጋገርም። ግድግዳ ይቀባል፣ ዕቃ ይወጣል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይጠገናል፤ ገዢ ሲመጣም በቀትር መብራት ሁሉ ይበራል። ለመሆኑ ይህ ማሰማመር ቤትን ማክበር ነው ወይስ ሰውን ማታለል? የእናቴ ቤት ለሽያጭ እስኪቀርብ ድረስ መልሱ ቀላል ይመስለኝ ነበር።

በአባቶቻችን አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረም ማለት ይቻላል። በጎንደር ገጠር ቤት የሚሠራው ሊኖሩበት እንጂ ሊሸጡት አልነበረም። ብዙዎቻችን ርስት ስላልነበረን ጎጆው የእኛ ቢሆን እንኳ መሬቱ የባለርስቱ ነበር። በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ከታወጀ በኋላም መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ነበር። ማሰማመር ግን ነበር። በዓል ሲደርስ ግድግዳው በጭቃ ይመረጋል፣ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ቤት ቢጠረግ «አታለላችሁኝ» ያለ እንግዳ አልሰማንም።

እናቴ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከመጡት ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች አንዷ ናት። ሆቴሉንም ካራቫኑንም አይታለች። ከ1993 ጀምሮ መንግሥት ለኢትዮጵያ ዑሊም በሰጠው፣ አብዛኛው ስጦታ በሆነው ልዩ መሽካንታ ነው ይህን ቤት የገዛችው። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። አሁን ጉልበቷ ደረጃውን እምቢ ስላላት ወደ እህቴ ሰፈር፣ ወደ ምድር ቤት ልትዛወር ፈለገች። የምትሸጠው ሌላ ንብረት የላትም።

ደላላው ትሁት ወጣት ነው። የቤቱን ግማሽ ዕቃ አውጡ፣ ግድግዳውን ነጭ ቀቡ፣ መስኮቱን ክፈቱ አለን። ማማድ እንደሌለው ሲሰማ ግን ፊቱ ጠቆር አለ። ማማድ በአዲስ ቤቶች ላይ ግዴታ የሆነው ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ በ1992 ነው፤ የእናቴ ሕንፃ ከዚያ ይቀድማል። ከጥቅምት 7 ቀን 2023 ወዲህ በአሽቀሎን ቤት የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማማድ ነው። ይህን የሚሸፍን ቀለም የለም።

ቀለም የሚሸፍነው ሻጋታውን ነው። ባሕር አጠገብ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል፤ ክረምት በገባ ቁጥር የመኝታ ቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ ይጠቁራል። በበረኪና ይታጠባል፣ በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። ደላላው «አሁን በጋ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከተቀባ አይታይም» አለ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቀችና «ውስጡን ለቄስ ማለት ነዋ!» አለች።

አነጋገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ላዩ አምሮ ውስጡ ለተበላሸ ነገር የሚባል ነው። እኔ ግን ያን ቀን ማታ ኦሪት ዘሌዋውያን 14ን አወጣሁ። እዚያ በቤት ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ነገር ሲወጣ የቤቱ ባለቤት ራሱ ሄዶ ለካህኑ እንዲናገር ታዝዟል። ካህኑም ገብቶ ከማየቱ በፊት ቤቱ ባዶ እንዲሆን ያደርጋል። እኛ ዛሬ ዕቃ የምናወጣው ቤቱ ሰፊ እንዲመስል ነው፤ እዚያ ግን ዕቃው የሚወጣው ካህኑ ሲመረምር አብሮ እንዳይረክስ ነው። ባለቤቱ ተናጋሪ እንጂ ሸፋኝ አይደለም። የአገሩ ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የ1973ቱ የውል ሕግ በአንቀጽ 12 ተዋዋዮች ገና ሲደራደሩ ጀምሮ በቅን ልቦና እንዲሠሩ ያዛል፤ በአንቀጽ 15 ደግሞ መነገር የሚገባውን ነገር ዝም ብሎ ማለፍን ከማታለል ይቆጥረዋል።

ስለዚህ የሻጋታው ጉዳይ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ደላላው ሊወጣ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረው ነው። በግድግዳ ላይ ያሉት የቤተሰብ ፎቶግራፎች ይውረዱ፤ መሶቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ይግባ፤ ገዢ በሚመጣበት ቀን ቡና አይቆላ፣ እጣን አይጨስ። «ሳቭታም ባትኖር ይሻላል፤ ልጅዋ ጋ ትዋል» አለ። እናቴ ዕብራይስጥ አትሰማም ብሎ ነው። ሰምታለች።

እዚህ ላይ ትክክለኛ መሆን አለብኝ። ፎቶግራፍ አውርዱ የሚለው ምክር በየትም አገር ለሻጭ ሁሉ የሚሰጥ ነው፤ ገዢው የራሱን ቤተሰብ በዚያ ግድግዳ ላይ እንዲያስብ ይረዳዋል ይላሉ። ሽታም እንዲሁ ነው፤ ዓሣ የሚጠበስበት ቤት ማንም አይገባም። ስለዚህ ደላላውን ጠየቅሁት፦ ከታች ያሉትን የሩሲያ አሮጊት ቤት ብትሸጥላቸው ከቤት ይውጡ ትላለህ? ጥቂት ዝም ብሎ «እሳቸው ቢኖሩ ጉዳት የለውም» አለኝ። ልዩነቱ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ፎቶግራፉ ለሁሉም ነው፤ ከቤት መውጣቱ ለእኛ ብቻ ነው።

ሰውየው ከሜዳ ተነሥቶ የተናገረ አይደለም። በ2012 መጀመሪያ፣ ከእኛ ብዙም በማትርቀው በቂርያት መላኺ፣ የሕንፃ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ተጋልጦ በዚያም በኢየሩሳሌምም ብዙ ሕዝብ ሰልፍ ወጥቷል። ደላላው ገበያውን ያውቃል። የሚመክረንም በእርሱ ስሌት እናቴን ለመጥቀም ነው።

ታዲያ እናቴ ብትሰወር ማንን ታታልላለች? ገዢውን አይደለም። ሻጋታው ነገ የእርሱ ሻጋታ ይሆናል፤ የሻጯ የቆዳ ቀለም ግን ከቤቱ ጋር አይሸጥም፤ ሊያውቀው የሚገባ ጉድለትም አይደለም። እንዲህ ከሆነ መሰወሩ ውሸት አይደለም። ሆኖም ሻጋታውንና እናቴን በአንድ ዝርዝር ውስጥ አስገብተን ሁለቱንም «እንዳይታዩ» ብንል ዋጋ የሚቀንሱ ሁለት ጉድለቶች ናቸው ብለን በእጃችን መፈረማችን ነው። የልጅ ልጆቿም ያያሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ ክብርን በሌላ ሰው ኪስ መግዛት ቀላል ነው። ቤቱ በርካሽ ቢሸጥ የሚጎድለው የእኔ ሳይሆን የአንዲት አሮጊት ገንዘብ ነው። አባቶቻችን የማያውቁት፣ እዚህ ግን ልጆቻችን የሚማሩት ታልሙድ በባባ መጺዓ ላይ ሰውንም ከብትንም ዕቃንም ለሽያጭ ማሽሞንሞን ይከለክላል፤ አዲሱን ዕቃ መቀባት ግን ይፈቅዳል፤ አሮጌውን አዲስ ማስመሰል ነው የተከለከለው። ከዚያም ስለ አንድ ሽማግሌ ባሪያ ይተርካል። ጠጉሩንና ጢሙን ጥቁር ቀለም ነክሮ ግዛኝ ብሎ ራቫ ዘንድ ሄደ፤ ራቫ አልገዛውም። ራቭ ፓፓ ባር ሽሙኤል ግን ገዛው። አንድ ቀን ውሃ አምጣ ሲለው ሽማግሌው ጢሙን አጥቦ ሽበቱን አሳየው፤ ከአባትህ እበልጣለሁም አለው። ታሪኩ የተጻፈው ገዢዎችን ለማስጠንቀቅ ነው። እኔ ግን ሳነበው ያዘንሁት ለሽማግሌው ነው። የሚጠጋበት ቤት የሚፈልግ ሰው ጢሙን ቢቀባ ልፈርድበት አልችልም። ከቤቷ ወጥታ በሰላም የሸጠች እናት ካለችም አልፈርድባትም።

እናቴን «አንቺ ምን ትያለሽ?» አልኋት። «ፎቶግራፉን አውርድ፤ ለጉዞ መታሸጉ አይቀርም። መሶቡንም አንሣ፤ መንገድ ይዘጋል። እኔ ግን በቤቴ ሰው ሲገባ ደጅ አልቆምም» አለች።

በተከታታይ ሳምንታት የመጡትን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለች። እኔ ካለሁ እኔ፣ ከሌለሁ እርሷ በተሰባበረ ዕብራይስጥ፣ ሰሜናዊውን ግድግዳ እያሳየን ክረምት ላይ እንደሚጠቁር ነገርናቸው። ደላላው ኮርኒስ ኮርኒሱን ያይ ነበር። ብዙዎቹ አመስግነው ወጡ፤ ተመልሰው አልመጡም። በሻጋታው ይሁን፣ በማማዱ ይሁን፣ በእርሷ ይሁን አልነገሩንም። በመጨረሻ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ስለ ግድግዳው ተከራክረው ዋጋ አስቀንሰው ገዙት።

ቁልፉን ልናስረክብ በነበረበት ቀን ጧት ስደርስ ቤቱ ባዶ ነበር። እናቴ የፎቶግራፎቹን ምስማር ነቅላ፣ ቀዳዳውን ደፍና፣ ወለሉን ሁለተኛ ጊዜ እያጠበች ነበር። ገንዘቡ ተከፍሎ አልቋል፤ አጥቢ ያላት ሰው የለም። ጫማዬን አውልቄ ባልዲውን ተቀበልኋት።