ስለ ቅባት ዋጋ

ሰው ዋጋው የበዛውን ነገር ትቶ ዋጋው ያነሰውን ቢይዝ ክብሩ ይጐድላልን? ጥያቄው ስለ በሬ የተነሣ እንደ ሆነ ማንም በቀላሉ ይመልሰዋል፤ እኩል ከሚያርሱ ሁለት በሬዎች መካከል ውዱን መርጦ የሚገዛ ገበሬ የለምና። ነገሩ ፊትን ወደሚያወዛ ቅባት፥ ወደ ሳሙናና ወደ ሽቱ የመጣ እንደ ሆነ ግን ሚዛናችን ይለወጣል። በዚህ ጊዜ ርካሹን መያዝ የድኽነት ምስክር ሆኖ ይታያል፤ ውዱን መያዝም፥ ባይጠቅም እንኳ፥ ራስን እንደ ማክበር ይቈጠራል።

ከሀላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የሾኔን ከተማ እንውሰድ። ከባደዋቾ ገጠር መጥታ፥ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ የሳምንት ስንቋን፥ ቆጮውንም ጥቂት ቅቤውንም ከእናቷ ቤት ተሸክማ ትመጣለች። የምግቧ ነገር እንዲህ በጥንቃቄ ተለክቶ ሳለ፥ በመስኮቷ ላይ የሚቀመጠው የቅባት ጠርሙስ ግን ልክ የለውም። ጓደኞቿ ሲመጡ የሚያዩት እርሱን ነዋ! ቆጮውን ማን ያየዋል? ወንዶቹም ይህ ነገር እኛን አይመለከትም እንዳይሉ፤ የፀጉር ቅባቱና የሽቱው ነገር በእነርሱም ዘንድ ሥር ከሰደደ ቆይቷል።

ዋጋ የዕቃውን መልካምነት እንደማይመሰክር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች የባንክ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ባገደ ጊዜ የመዋቢያ ቅባትና ሽቱ ከነዚሁ ውስጥ ነበሩ። እገዳው በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ተነሣ፤ ነገር ግን በዚያው ወር ምንዛሪው ለገበያ ስለ ተለቀቀ፥ እስከዚያ ድረስ በባንክ 57 ብር ያህል የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከባሕር ማዶ የሚመጣውም ጠርሙስ ዋጋው ወደ ላይ ወጣ። ታዲያ በውስጡ ያለው ቅባት ከትናንቱ ተሻለን? የፊታችንስ ቆዳ ከትናንት የበለጠ ቅባት ፈለገን? የተለወጠው ምንዛሪው ብቻ ነው። ዋጋን የክብሩ መለኪያ ያደረገ ሰው እንግዲህ ክብሩ ከዶላር ጋር ሲወጣና ሲወርድ ሊኖር ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ፊደል ማወቅህ ለልብ ወለድና ለጋዜጣ ብቻ አይደለም፤ የጠርሙሱን ጀርባም አንብብበት። በብዙ አገር ሕግ መሠረት በቅባት ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው የቅመም ዝርዝር የሚጀምረው በመጠን ከሚበዛው ነው፤ ጥቂቱ ወደ መጨረሻ ይጻፋል። ውዱንና ርካሹን ጐን ለጐን አቁመህ ብታነብ በብዙው ሎሽን ላይ በመጀመሪያ የምታገኘው ውሃ ነው። ቀጥሎ ግሊሰሪን ይመጣል፤ ሥራው ውሃን ወደ ራሱ ስቦ በቆዳ ላይ ማቆየት ነው። ከዚያም ቅባትነት ያለው ነገር ይመጣል፤ ይህም ቆዳውን ሸፍኖ እርጥበቱ በንፋስና በፀሐይ እንዳይተን ይከለክላል። በመጨረሻ ሽታው፥ ቀለሙና እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ነገር ይከተላሉ። ለደረቀ ቆዳ የሚሠሩት ውሃን የሚስበውና ውሃን የሚከለክለው፥ እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። ሽታውማ አንዳንዱን ቆዳ እንዲያውም ያስቈጣዋል። ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ጨርሶ ሳይደርቅ በስሱ የተቀባ ተራ ቫዝሊን፥ በደረቅ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ውድ ሎሽን ይልቅ እርጥበትን ይጠብቃል። ይህን የሚነግረን ሻጭ ግን አይገኝም፤ የሚተርፈው ከሌላው ነውና።

የቫዝሊን ታሪክ ራሱ የሚያስገርም ነው። በ1859 እ.ኤ.አ. ሮበርት ቼዝብሮ የተባለ ወጣት የኬሚስትሪ ሰው በፔንሲልቫኒያ የነዳጅ ዘይት ወደሚቈፈርበት አገር ሄደ። እዚያም በመቈፈሪያው ብረት ላይ እየተጣበቀ ሥራ የሚያስፈታ፥ ሠራተኞቹ እየረገሙ የሚፍቁት ሰም መሳይ ነገር አየ። እነዚሁ ሠራተኞች ሲቈስሉና ሲቃጠሉ ግን የሚቀቡት ያንኑ ነበር። ቼዝብሮ አጣርቶ በ1872 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዛሬ በየጕሊቱ የሚሸጠው ብልቃጥ እንግዲህ ተፍቆ ከሚጣል ነገር የተገኘ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፥ «የውጭውን ትተን ወደ እናቶቻችን ቅቤ ብንመለስ አይሻልምን?» ይል ይሆናል። መልካም ሐሳብ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን አይስማማም። በሀዲያ አገር ቅቤ ርካሽ ነገር ሆኖ አያውቅም። አታካና የተባለው ምግብ ከቡላና ከቅቤ ተሠርቶ ለእንግዳ ሲቀርብ ክብሩ ከቅቤው የተነሣ ነው። ለጋ ቅቤ በአናት ላይ መደረጉም ለሙሽራና ለአራስ የሚገባ ጌጥ ነበረ። ዛሬ አንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ የሚያወጣው ገንዘብ ብዙ ብልቃጥ ቫዝሊን ይገዛል፤ ይህም በልጆች ወጥ ውስጥ ቢገባ የሚሻል ቅቤ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የአገር ውስጥ ወይስ የውጭ፥ የጥንት ወይስ የዛሬ የሚል አይደለም። አያቶቻችን ቅቤውን በበዓል ቀን በአናታቸው ሲያደርጉ ከአቅማቸው አልወጡም፤ ላሚቱ በደጃቸው ነበረች። እኛ ግን ላሚቱን ሳናረባ የአያቶቻችንን ወዝ እንሻለን።

ርካሹ ቅባት የሚያዋርድ የሚመስለው ሰው ካለ ደግሞ የእግር እብጠት ወዳለባቸው ሰዎች ዘንድ ሄዶ ይይ። በወላይታ፥ በሀዲያና በከምባታ ዝሆኔ እየተባለ የሚጠራ፥ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት በሽታ አለ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው ቀይ አፈር ላይ ዘመን ሙሉ በባዶ እግር የሄደ ሰው፥ በትውልዱም ለዚህ ነገር የተጋለጠ ከሆነ፥ የአፈሩ ረቂቅ ቅንጣት በቆዳው ገብቶ እግሩን ያሳብጠዋል፤ ቆዳውንም ሰንጥቆ ያሻክረዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሆኖም ጐረቤት ይሸሸዋል፤ ከቤተሰቡም ጋር መጋባት እምቢ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን በሽታ ቸል ከተባሉት በሽታዎች ተራ ያስገባው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። መድኃኒቱስ ምንድር ነው? በየቀኑ እግርን በውሃና በሳሙና ማጠብ፥ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውሃ መዘፍዘፍ፥ አድርቆ ቫዝሊን መቀባት፥ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን ተከፍለው እንዲህ ያለው እንክብካቤ በተፈተነ ጊዜ፥ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንዳሳየው፥ ትኵሳት አስነሥቶ ከአልጋ የሚጥለው ሕመም በተረዱት ላይ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። ተአምር አይደለም፤ ግን ከአልጋ ተነሥቶ ወደ እርሻ መሄድ ለገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። ተማሪዋ እንግዳ ሲመጣ ከመስኮት አንሥታ የምትሸሽገው ብልቃጥ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ርካሽ የሆነ ሁሉ ይሻላል ማለታችን አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ቆዳን ያነጣሉ እየተባሉ፥ አንዳንዴም ስም ሳይጻፍባቸው በየገበያው የሚዞሩ ቅባቶች አሉ፤ ዋጋቸው ጥቂት ነው። በእንዲህ ያሉት ውስጥ ባዜቃ፥ ማለት ሜርኩሪ፥ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህም ኵላሊትን ይጎዳል። በሌሎቹ ደግሞ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኀይለኛ መድኃኒት ይገኛል፤ ሐኪም ለታወቀ ሕመም ለጥቂት ሳምንት የሚያዘው ነው። ያለ ሐኪም ለወራት የተቀባው ሰው ቆዳው ይሳሳል፥ ይሸነታተራል፥ ብጕር ይወጣበታል፤ ባቆመ ጊዜም ፊቱ ከቀድሞው ብሶ ይቀላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት በኪሎ ከ1 ሚሊግራም በላይ ሜርኩሪ ያለበት የመዋቢያ ቅባት ከ2020 በኋላ እንዳይሠራና እንዳይነገድ ወስኗል። በአገራችንም የመዋቢያ ዕቃ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ነው፤ ነገር ግን ተቈጣጣሪ በየጕሊቱ ሊቆም አይችልም። በዚህ ነገር ላይ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳዝነው ሐሳቡ ነው። ጤነኛ የጠይም ቆዳዋን ጠልታ የሌላ ሰው መልክ የምትሸምት ልጅ፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ናት። ዋጋው ቢረክስም ቢወደድም እንዲህ ያለውን ቅባት አለመግዛት ነው።

ደግሞም ቁጠባ የማይገባበት ስፍራ አለ። በቆዳቸው የተፈጥሮ ቀለም የሌላቸው፥ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ከፀሐይ የሚከላከለውን ቅባት የሚሹት ለጌጥ አይደለም፤ ያለ እርሱ የቆዳ ካንሰር ይጠብቃቸዋል። ቫዝሊን ፀሐይን አይከለክልም። ይህ ቅባት ግን ውድ ነው። ያንዲቱ ጌጥና የሌላይቱ ሕይወት በአንድ መደርደሪያ ላይ «መዋቢያ» በሚል አንድ ስም ተደርድረው ማየት፥ ለእኔ ከሁሉ የሚከብድ ነገር ነው።

እንግዲህ ቈጣቢና ንፉግ በምን ይለያሉ? አንዲት ልጅ በወር 600 ብር ለቅባት ታወጣ ነበር እንበል፤ 150 ብር በሚያወጣ ብትለውጠው በዓመት 5,400 ብር ይተርፋታል። ይህን ገንዘብ በሣጥን ቈልፋበት እየቈጠረች የምትደሰት ከሆነ ጠርሙሱን በብር ለወጠች እንጂ የተሻለ ነገር አላደረገችም። ዕቁብ ብትገባበት፥ ደብተርና ጫማ ብትገዛበት፥ ወይም ለታናሽ ወንድሟ ካልሲና ሳሙና ብትልክ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ንፉግ በራሱም በሰውም ላይ ይቀንሳል፤ ቈጣቢ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው ይጨምራል። ይህን ለይቶ ለማየት ዓመት መጠበቅ አያሻም፤ እንግዳ የመጣ ቀን ይታወቃል።

የስጦታ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ከሾኔ፥ ከሆሳዕናና ከከምባታ ከተሞች ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል፤ አንዱ ከዚያ ለእኅቱ ያማረ ጠርሙስ ቢልክላት፥ «በሩብ ዋጋ ይገኝ ነበር» ብላ ብትመልስለት ብልኅ አይደለችም፤ ልቡን ሰብራዋለች። ትቀባው፥ ታመስግነውም። ነገር ግን ያ ወንድም የሚውለው ከማለዳ እስከ ማታ በፍርግርግ ብረት በታጠረ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ በ2008 እና በ2015 እ.ኤ.አ. በዚያ አገር በመጻተኞች ላይ በተነሣው ሁከት የኢትዮጵያውያንም ሱቅ ተዘርፏል። ጠርሙሱ ባለቀ ጊዜ «ሌላ ላክልኝ» ከማለቷ በፊት፥ ሱቁን ለመክፈት በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ትጠይቀው።