የክርስትና ስምና ተዝካር

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋዎች የኦርቶዶክስ ምእመን ዕድሜ የሚቆጠረው ከቤተ ክርስቲያን ጋር ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ መጽሐፈ ኩፋሌ እንደሚለው አዳምና ሔዋን ገነት የገቡት በእነዚሁ ቀናት ነውና። ሕፃኑ አንገቱ ላይ ማተብ ይታሰርለታል፣ የክርስትና ስም ይወጣለታል። ይህ ስም ገበያ ላይ ብዙም አይጠራም፤ ሰውየው ሲቆርብ ግን የሚጠራበት ነው፣ ሲሞትም ካህናቱ ፍትሐት የሚያደርሱለት በዚሁ ስም ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጋብቻ፣ ተክሊል፣ በአንጻሩ ለጥቂቶች ነው፤ ብዙው ሰው የሚጋባው በሽማግሌ ነው።

ሞት አንድን ሰው ከማኅበሩ ይለየዋል ወይ? ምእመኑ የሚመልሰው ቀን በመቁጠር ነው፦ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። በእነዚህ ቀናት የሚደረገው ጸሎትና ምጽዋት ለሙታን ይጠቅማል የሚለው እምነት ግን በሁሉም ክርስቲያን ዘንድ የጸና አይደለም። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ለደብረ ታቦር ቅርብ በሆነችው ጋፋት መድፍ የሠሩት ሚስዮናውያን፣ ፕሮቴስታንት እንደመሆናቸው፣ ይህን ከማይቀበለው ወገን ነበሩ።

የተዝካሩ ክብደት ያለው አርባው ላይ ነው። ጌሾው ይወቀጣል፣ ጠላው ይጠነሰሳል፣ ካህናትና ነዳያን ይጠራሉ። ለይሉኝታ ሲባል በሬ የሚሸጥ፣ የሚበደርም አለ። ከእምነቱ አንጻር ሲታይ ይህ አላስፈላጊ ነው፤ ተዝካር ምጽዋት እንጂ የጎረቤት ፉክክር አይደለምና። ድሀው በአቅሙ ጸበል ጸዲቅ አዘጋጅቶ የሟቹን ስም በቅዳሴ ቢያስጠራ ሥርዓቱ አይጎድልበትም።