የተረፈ ሁሉ የተሻለ ነውን?

ክፉ ዘመን አልፎ በሕይወት የተገኘ ሰው መትረፉን የብርታቱ ዋጋ አድርጎ ለመቁጠር ይፈተናል። ከአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮም፣ «ብርቱው ይኖራል፣ ደካማው ይጠፋል፤ የተፈጥሮ ሕግ ይህ ነው» በማለት ድሀው የደኸየው ስላነሰ ነው ብለው ያስተማሩ አልጠፉም። ለዚህ አባባል ምስክር ሆና የምትጠራው ተፈጥሮ ናትና፣ እስቲ ምስክሯን ራሷን እንስማ።

ከኢኳዶር ጠረፍ ወደ ምዕራብ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሚገኙት የጋላፓጎስ ደሴቶች ፊንች የሚባሉ ትናንሽ ወፎች ይኖራሉ። ሁሉም ከአንድ ጥንታዊ ዘር የተገኙ ናቸው። ሆኖም የሚያገኙት ምግብ ስለተለያየ፣ በረጅም ዘመን ውስጥ ምንቃራቸው ተለያይቶ ብዙ ወገን ሆነዋል። አንዱ ደረቅ ፍሬ የሚሰብር ወፍራም ምንቃር ሲኖረው፣ ሌላው ነፍሳት የሚለቅምበት ቀጭን ምንቃር አለው።

ፒተር ግራንትና ሮዝሜሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ዳፍኒ ሜጀር በተባለችው ትንሽ ደሴት ላይ ወፎቹን እየያዙ፣ ምንቃራቸውን እየለኩ፣ ለአርባ ዓመታት ያህል ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ብርቱ ድርቅ ሆነ። ጥቃቅኑና ለስላሳው ዘር አልቆ ትልቁና ጠንካራው ፍሬ ብቻ ቀረ። መካከለኛው የመሬት ፊንች ከሚባለው ወገን ከመቶ 85 ያህሉ ሞቱ። የተረፉት በአብዛኛው ጠንካራውን ፍሬ ለመስበር የቻሉት ባለ ትልቅ ምንቃሮች ነበሩ፤ ምንቃር ከወላጅ የሚወረስ በመሆኑም ተከታዩ ትውልድ እነርሱን መሰለ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ብርቱዎቹ አሸነፉ ባልን ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1983 ኤል ኒኞ ያመጣው ታላቅ ዝናብ ደሴቲቱን በጥቃቅን ዘር ሞላት፤ በቀጣዮቹ ደረቅ ዓመታትም ባለ ትንንሽ ምንቃሮቹ በተራቸው በረቱ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከእነርሱ የሚተልቁ ሌሎች ፊንቾች ከሌላ ደሴት መጥተው ሰፈሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 ድርቁ ሲመለስ፣ እነዚህ አዲስ ጎረቤቶች ትልልቁን ፍሬ ጨረሱት። በዚህ ጊዜ በብዛት ያለቁት፣ ቀድሞ በድርቅ የተረፉትን የሚመስሉት ባለ ትልቅ ምንቃሮች ሆኑ።

ደሴቲቱ ያችው፣ የወፉም ወገን ያው፣ መከራውም ያው ድርቅ ነበር፤ ውጤቱ ግን ተገለበጠ። እንግዲህ አካባቢ ፍጡራንን ይቀርጻል እንጂ ክብራቸውን አይመዝንም። ለጊዜው የሚስማማውን ያስቀራል፤ ጊዜው ሲለወጥም ያስቀረውን ይጥላል። መትረፍን የመብለጥ ማስረጃ የሚያደርግ ሰው ከወፎቹ ምስክር አያገኝም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ከሌሎች ይልቅ ልናስተውለው ይገባናል። በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ወሎንና ትግራይን በመታው ረኀብ ከሞት የተረፉት፣ ካለቁት ስለበለጡ አልነበረም። አንዱ እህል ወደሚታደልበት መንገድ ቀርቦ ተገኘ፣ ሌላው የሚያበላው ዘመድ ነበረው፤ የቀረው ደግሞ ይህን ሁሉ አጣ።

በእኛና በወፎቹ መካከል ግን አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። ወፍ ምንቃሩን ለጎረቤቱ ማዋስ አይችልም፤ ለመጪው ድርቅም ጎተራ አያበጅም። ሰው ግን ለሰው አካባቢው ነው። እኛው የምንከፍተው ጎተራ ወይም የምንዘጋው በር ለሌላው ዝናብ ወይም ድርቅ ይሆንበታል። ስለዚህ በሰዎች መካከል አንዱ ጠግቦ ሌላው በረኀብ ሲሞት፣ «የተፈጥሮ ሕግ ነው» ብለን ከተጠያቂነት ልናመልጥ አንችልም። የተረፍን ሁሉ መትረፋችንን እንደ ሽልማት ሳይሆን ለወደቀው እንደምንከፍለው ዕዳ አድርገን ልንቀበለው ይገባል።