ለማን ዓይን፣ ለማን አፍ?

በአኳሪየም ወለል ላይ የሚነጠፈው ጠጠር የጌጥ ጉዳይ ይመስላል። ባለቤቱ ቀዩን ወይስ ሰማያዊውን፣ ነጩን ወይስ የሚያብረቀርቀውን ብሎ ያማርጣል፤ ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ ለዓይኑ ያማረውን ይወስዳል። ከመስታወቱ ውስጥ ያለው ፍጡር ግን ጠጠሩን የሚያውቀው በአፉ ነው። ከዚህ ልዩነት አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሳል። መምረጥ የማይችልን ፍጡር በእጁ ያደረገ ሰው ምርጫውን በማን ሚዛን ሊመዝን ይገባዋል?

ጎልድፊሽ በሚል ስም የታወቀው ወርቃማ ዓሣ ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት በቻይና ከሰው ጋር የተላመደ፣ ከካርፕ ቤተሰብ የሚመደብ ዓሣ ነው። በጣና ሐይቅ የታወቁት የባርበስ ዓሦችም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ወርቃማው ዓሣ ምግቡን የሚፈልገው የውሃውን ወለል በአፉ እየዛቀ ነው። አሸዋውን ከነምግቡ ይስባል፣ የሚበላውን ይለያል፣ የቀረውን መልሶ ይተፋል። ወንፊቱ አፉ ነው።

አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ጠባዩ ነው። ደቃቅ አሸዋ ገብቶ ይወጣል። ከአፉ እጅግ የሚበልጥ ድንጋይ ከቶ አይገባም። በሁለቱ መካከል ያለው፣ አተር ወይም ሽምብራ የሚያህለው ጠጠር ግን ገብቶ ሊቀረቀር ይችላል። ዓሣው እጅ የለውም፣ ጠጠሩን ጎትቶ አያወጣም፤ ድምፅ የለውም፣ ጠባቂውን አይጣራም። ደግሞም ዓሣው ያድጋል። ዛሬ ጣት የሚያህለው በአግባቡ ከተያዘ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ይደርሳል። እንግሊዝ አገር ቲሽ የተባለው ወርቃማ ዓሣ 43 ዓመት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1999 ሞቷል። ስለዚህ ዛሬ አፉ ውስጥ የማይገባው ድንጋይ ከዓመታት በኋላ ልክ አፉን የሚሞላ ሊሆን ይችላል። ጠባቂው የሚመርጠው ዛሬ ላለው ዓሣ ብቻ ሳይሆን ነገ ለሚሆነውም ጭምር ነው።

በየቤቱ ምስር ከመቀቀሉ በፊት ይለቀማል። ከወጡ ውስጥ አንዲት ጠጠር ብትገኝ የሚበላው ሰው ይተፋታል፤ ቢበዛ ጥርሱን ያመዋል። እንዲያም ሆኖ የምትለቅመዋ እናት ዓይኗን ከሰፌዱ ላይ አታነሳም። መትፋት ለሚችል አፍ ይህን ያህል ከተለቀመ፣ ተቀርቅሮበት መትፋት ለማይችለው አፍ ምን ያህል ሊለቀም ይገባል?

ጄረሚ ቤንታም የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለእንስሳት የሚገባው ጥንቃቄ የሚለካው በማሰብ ወይም በመናገር ችሎታቸው ሳይሆን መሠቃየት በመቻላቸው ነው ሲል ተከራክሯል። ስኮትላንድ ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ደግሞ ትራውት በተባለው ዓሣ ፊትና ከንፈር ላይ ጉዳትን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች መኖራቸውን አሳይቷል። ዓሣ ሕመምን እንደ ሰው ይሰማዋል ወይ በሚለው ላይ ዛሬም የሚከራከሩ ሊቃውንት አሉ። ክርክሩ እስኪቋጭ ድረስ ግን ጥርጣሬው ለደካማው ወገን ቢፈረድ የሚጎዳ የለም። የጣሊያኗ ሞንዛ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ወርቃማ ዓሣን በክብ የመስታወት ዕቃ ማኖርን ስትከለክል፣ ሮማም በዓመቱ ስትከተላት፣ መነሻው ይኸው አስተሳሰብ ነበር።

እዚህ ላይ የሞያሌ ሰው በጎ ተቃውሞ ያነሳል። ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የቦረና ከብት ባለቀበት ምድር፣ ስለ አንድ ዓሣ ጠጠር መጨነቅ የጥጋብ ወግ አይደለምን? ተቃውሞው ክብደት አለው። አኳሪየም ይኑር ወይስ አይኑር በሚለው ላይ የመጨረሻው ቃል የችግረኛው ጎረቤት ጥማት ሊሆን ይገባል። ዓሣውን አለማምጣት ነውር የለበትም። ካመጡት በኋላ ግን ጥያቄው ይለወጣል።

መልሱን የቦረና ጉድጓድ ራሱ ይሰጣል። ከሞያሌ ወደ ያቤሎ በሚወስደው መንገድ ላይ እንደምትገኘው ዱብሉቅ ባሉ ሥፍራዎች፣ ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ ሰዎች ተደራርበው ቆመው ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ገንዳው ድረስ ያወጣሉ። የውሃውን ተራ የሚያስከብር አባ ሄረጋ የሚባል ሹም አለ። ከብቱ ወደ ጉድጓዱ መውረድ አይችልም፤ ስለዚህ ጥማቱ የባለቤቱ ዕዳ ነው። ይህንን ለማስረዳት ፈላስፋ አያስፈልግም። ወርቃማው ዓሣም ከወንዙ ወጥቶ በመስታወት ከተከበበ በኋላ ውሃውም ወለሉም የባለቤቱ ዕዳ ሆነዋል። መጠኑ ያንሳል እንጂ ሕጉ አንድ ነው።

ዕዳውን መክፈል ደግሞ ከባድ አይደለም። በመስታወት ስባሪ፣ በሹል ድንጋይና ቀለሙ በሚላቀቅ ጠጠር ፈንታ የተሻለው ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ የታጠበ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ተነጥፎ የሚቀመጥ ደቃቅ አሸዋ ነው። ንጣፉ ከወፈረ የምግብ ትራፊ ሥሩ ተቀብሮ ይበሰብሳል። ከደረቅ ወንዝ የተወሰደ ከሆነ ጥቂት አቼቶ ጠብ ያደርጉበታል፤ አረፋ ከደፈቀ ኖራ አለበት። ኖራና ዛጎል የውሃውን ባሕርይ ቀስ በቀስ ይለውጣሉ፤ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመነጨው አሞኒያም ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። አሸዋውን አጥቦ ለመጨረስ ውሃ ያጠረው ሰው ወለሉን ባዶ ቢተወው ይሻላል። ሲቀየር የሚወጣውም ውሃ ለጓሮ ተክል ይሆናል።

ባዶ መስታወት ዓሣውን ከመታነቅ ያድነዋል፤ ነገር ግን የተፈጠረበትን የመዛቅና የመንፋት ሥራ ይነፍገዋል። ደቃቅ አሸዋ ሁለቱንም ይሰጠዋል። ለሌላው የሚመርጥ ሰው ሁሉ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር እዚህ አለ፤ እውነተኛ ጥበቃ ፍጡሩን ከአደጋ ማራቅ ብቻ ሳይሆን፣ እንደ ጠባዩ የሚኖርበትን ሥፍራ ከወጥመድ ማጽዳት ነው።